ባሕር በገበሬው አንደበት፤ ከባሕር ማሽላ እስከ ባሕር ሸሽ

መስከረም ሲጠባ ጣና ሐይቅ ሞልቶ ዳርቻውን ያለብሳል። ከጥቅምት በኋላ ግን ዝናቡ ስለሚያበቃና ወንዞቹም ስለሚቀንሱ ውሃው ወር በወር ዝቅ እያለ ወደ መሐል ይሰበሰባል። በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራና በደራ ወረዳዎች የሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው ገበሬም በሬውን ጠምዶ የውሃውን ዱካ እየተከተለ ይወርዳል። ውሃው ትቶት በሄደው ጥቁርና እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራ፣ ጓያ፣ በቆሎ ወይም አትክልት ይዘራል። ይህ መሬት የራሱ መጠሪያ አለው፤ ባሕር ሸሽ ይባላል።

ስሙ የሁለት ቃላት ጥምር ሲሆን ሙሉ ታሪክ ይናገራል። ገበሬው መሬቱን "አዲስ መሬት" ወይም "ትርፍ መሬት" አላለውም። ባሕሩ የሸሸበት መሬት ነው ያለው። የሸሸ ደግሞ እንደሚመለስ ይታወቃል። በዚህ አጠራር ውስጥ የመሬቱ የመጀመሪያ ባለቤት ውሃው መሆኑ፣ ገበሬውም በውሃው ፈረቃ የሚያርስ መሆኑ ተቀምጧል።

ባሕር የሚለው ቃል በገበሬው አንደበት የሚገኘው በዚህ መሬት ስም ብቻ አይደለም። ጓሮ ውስጥ በቆመው ዛፍ፣ ማሳ ላይ በበቀለው አገዳና በአጥር ቁልቋሉ ስምም ውስጥ አለ። የመርከበኛና የወደብ ቃል የሚመስለው ባሕር የእርሻ ቃል ሆኖ የቆየው እንዴት እንደሆነ መመልከት፣ ዛሬ በሐይቁ ዳርቻ ለሚነሱ የመሬት ጥያቄዎችም የሚበጅ ነገር አለው።

የውሃም የሀገርም ስም

ባሕር ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። ዐረብኛም በተመሳሳይ ድምፅ ይጠቀምበታል። በዐረብኛ ቃሉ ለውቅያኖስ ብቻ ሳይሆን ለትልቅ ወንዝም ያገለግላል፤ በደቡብ ሱዳን የሚገኙት ባሕር ኤል ገዛልና ባሕር ኤል ጀበል የወንዝ ስሞች ናቸው። በአማርኛም ቃሉ ለጨው ውሃ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በጣና ዙሪያ የሚኖር ሰው ሐይቁን "ባሕሩ" ብሎ ይጠራዋል። የክልሉ ርዕሰ ከተማ ባሕር ዳር ስሟን ያገኘችውም ከሐይቁ ዳርቻ ነው እንጂ ከቀይ ባሕር አይደለም።

በግዕዝ ሌላም ነገር ይስተዋላል። ሀገር፣ ምድር ማለት የሆነው "ብሔር" የሚጻፈው ባሕር በሚጻፍባቸው በእነዚያው ሦስት ፊደላት፣ በበ፣ በሐ እና በረ ነው። "እግዚአ ብሔር" ሲባል የምድር ጌታ ማለት ነው። የብስና ውሃ በአንድ ዓይነት ተነባቢዎች መጠራታቸው ለጣና ዳር ገበሬ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እሱ ዘንድ በጥቅምት ባሕር የነበረው በጥር ማሳ ይሆናልና።

በቤተ መንግሥት ታሪክ ቃሉ የሥልጣን መጠሪያም ሆኖ ነበር። የቀይ ባሕርን ጠረፍና ከዚያ በላይ ያለውን ደጋ የሚያስተዳድረው ሹም ባሕር ነጋሽ ይባል ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ በታሪክ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። በቤተ ክህነት ደግሞ የአጽዋማትና የበዓላት ቀመር ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚታወቀው በዚሁ ቀመር ሲሆን፣ የሽምብራ፣ የባቄላና የኑግ ገበያ ከጾም ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል ገበሬው ሳያስበው በየዓመቱ የሚኖረው በባሕረ ሐሳብ ነው።

ማሽላም ቁልቋልም ከባሕር ማዶ

ቃሉ ወደ ማሳ የገባው ግን በሌላ በር ነው። ዛሬ በቆሎ የምንለው ሰብል ቀደም ባለው አማርኛ የባሕር ማሽላ ይባል ነበር። በቆሎ ጥንታዊ መገኛው የአሜሪካ አህጉር፣ በተለይም የዛሬዋ ሜክሲኮ ነው። አውሮፓውያን ወደዚያ አህጉር በመርከብ መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ዘሩ በባሕር መንገድ ወደ አፍሪካ ተሻገረ። ወደ ኢትዮጵያ ሲደርስ ያየው ገበሬ አገዳውንና ቅጠሉን ከሚያውቀው ማሽላ ጋር አመሳሰለው፤ ከየት እንደመጣም አከለበትና የባሕር ማሽላ አለው።

የባሕር ቁልቋልም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በለስ እየተባለ ፍሬው የሚበላው ይህ ተክል መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። ሀገር በቀሉ ቁልቋል ቀድሞ ይታወቅ ስለነበር እሾሃማውና ውሃ ቋጣሪው እንግዳ ተክል "የባሕር" ተብሎ ተለየ። ዛሬ ተክሉ አጥር፣ ምግብና የከብት መኖ ሆኖ ያገለግላል።

ሁለቱ ስሞች ገበሬው እንግዳ ተክል ሲገጥመው እንዴት እንደሚመድበው ያሳያሉ። አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር ያዛምደዋል፤ ቀጥሎ ከየት እንደመጣ ይናገራል። በቅርብ ዘመን "የባሕር" የሚለው ቦታ "የፈረንጅ" በሚለው ሲተካ አሠራሩ አልተለወጠም፤ የፈረንጅ ጽድ፣ የፈረንጅ ላም፣ የፈረንጅ ዶሮ ተባለ። የምርምር ማዕከላት ዝርያ ማውጣት ከጀመሩ ወዲህም መነሻን በስም መያዙ ቀጥሏል። ቢኤች 540 እና ቢኤች 660 የሚባሉት የበቆሎ ዝርያዎች መጠሪያቸው ባኮ ላይ የተዳቀሉ መሆናቸውን ያመለክታል። ትናንት ባሕር ያለው አሁን ባኮ አለ።

የባሕር ማሽላ ዛሬ እንግዳ አይደለም። በቆሎ በምርት መጠን ከሀገሪቱ የብርዕና የአገዳ ሰብሎች ቀዳሚ ሲሆን በምዕራብ ጎጃም ያለ ቤተሰብ ጎተራው የሚሞላው በአብዛኛው በእሱ ነው። በባሕር የመጣው ዘር አሁንም የሚለማው በባሕር በሚመጣ ግብዓት ነው። ዩሪያና ሌላም ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በመርከብ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያም በተሽከርካሪና በባቡር ይጓጓዛል። መርከቡ ሲዘገይ የወረዳው መጋዘን ባዶ ይሆናል፣ ገበሬውም የዘር ወቅት ያልፍበታል። ሀገሪቱ የባሕር በር ካጣች ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቢሆናትም ባሕር ከማሳው አልራቀም።

ዛፉና ዕዳው

ከስሞቹ ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው ባሕር ዛፍ ነው። መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ በተቸገረችበት ወቅት ፈጥኖ የሚያድገው ዛፍ ለከተማዋ መቆየት ምክንያት ሆኗል። በአፋን ኦሮሞ ባርገሞ የሚለው የዛፉ ስምም ከባሕር ማዶ የመጣ የሚል ፍች እንዳለው ይነገራል። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱን ዛፍ በአንድ ዓይነት ዓይን አይተውታል።

ደጋው ላይ ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ወይና ደጋውና ቆላው ላይ ቀይ ባሕር ዛፍ ይበዛል። ከማሽላውና ከቁልቋሉ የሚለየው ግን ሀገር በቀል አምሳያ ስላልተገኘለት "ዛፍ" ብቻ መባሉ ነው። ዛሬ በሜጫና በአካባቢው ሰብል ይበቅልበት የነበረ ማሳ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዛፉ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ጉልበት አይፈጅም፣ ቋሚና ማገር ሆኖ ሲሸጥ በአንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ያስገኛል። ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ዕዳው የሚታየው አጥር ለአጥር ባለው ጎረቤት ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ሥር ውሃና ንጥረ ነገር ስለሚሻማ ድንበር ላይ ሲተከል የጎረቤት ጤፍና በቆሎ ይቀጭጫል፤ ጥላውም ሰብሉን ፀሐይ ይነሳል። ምንጭና ወንዝ ዳር ሲተከል ደግሞ ውሃውን ይጎዳል። ባለሙያዎች ዛፉ በተራቆተና ለሰብል በማይመች ተዳፋት ላይ፣ ከውሃ አካልና ከሰው ማሳ ርቆ እንዲተከል የሚመክሩት ለዚህ ነው። ለትውልድ ያገለገለውን ዛፍ ማውገዝ አያስፈልግም። ቦታውን ማሳወቅ ግን ያስፈልጋል።

ውሃው ሲሸሽ

ማሽላው፣ ቁልቋሉና ዛፉ ከባሕር የመጡ ናቸው። ባሕር ሸሽ ግን በተቃራኒው ባሕሩ ራሱ የሄደበት ነው። ከስሞቹ ሁሉ ዛሬ ክርክር የሚያስነሳውም ይኸው ነው።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ገደማ አይዘልም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ዋነኛ ገባሮቹ ናቸው። እነዚህ ወንዞች ከደጋው አፈር ጠርገው ስለሚያመጡ በፎገራና በደምቢያ በኩል ያለው ዳርቻ ሜዳማና ደለላማ ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ውሃው ጥቂት ሲቀንስ ብዙ መሬት ይገለጣል፤ ጥቂት ሲጨምርም ብዙ ማሳ ይሰምጣል። ገደላማ ዳርቻ ያለው ሐይቅ እንዲህ ያለ መሬት አይሰጥም።

የተገለጠው መሬት ደለል የለበሰና እርጥበት የቋጠረ ስለሆነ በቀሪ እርጥበት ብቻ ሰብል ያደርሳል። ለገበሬው ይህ በበጋ የሚገኝ ሁለተኛ ምርት ነው። በአካባቢው ውሃ የሚተኛበትን ዋልካ መሬት ወደ ሀብት የለወጠው ሩዝም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፎገራ የሀገሪቱ ስመ ጥር የሩዝ አካባቢ የሆነው ቀድሞ በክረምት ውሃ ተኝቶበት ብዙም የማይጠቅም የነበረው ሜዳ ለሩዝ ተስማሚ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ይሁንና ባሕር ሸሽ ሲታረስ የሚጠፋ ነገርም አለ። በውሃውና በየብሱ መካከል የሚበቅለው ደንገል የሐይቁ አጥር ነው፤ ከማሳ የሚመጣን ደለል ያጣራል፣ ማዕበልን ይሰብራል፣ ዓሣ ይራባበታል፣ ወፎች ይጠለሉበታል። የጣና ታንኳ የሚሠራውም ከደንገል ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት በታንኳ ሥራ የሚታወቁ ናቸው፤ ገዳማቱም ሆኑ በየዳርቻው የሚኖረው ገበሬ እህልና እንጨት ሲያጓጉዙበት ኖረዋል። ማረሻው ደንገሉን እያነሳ ወደ ውሃው ሲገፋ ታንኳ ሠሪው ጥሬ ዕቃ፣ ዓሣ አስጋሪው ዓሣ ያጣል። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ በሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ ደግሞ ከማሳ ታጥቦ ወደ ሐይቁ በሚገባ ንጥረ ነገር የሚፋፋ አረም ነው። ገበሬው በየዓመቱ በእጁ የሚነቅለው አረም አንዱ መጋቢው ዳርቻው ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ መሆኑ መታወቅ አለበት።

መርከቡ ቆሞ ሞፈር የወረደበት ዓመት

ውሃው መቼና ምን ያህል እንደሚሸሽ የሚወስነው ቀድሞ ሰማዩ ነበር። በ1988 ዓ.ም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ሲገነባ ውሳኔው የሰውም ሆነ። ግድቡ በክረምት የገባውን ውሃ ይዞ በበጋ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ለመልቀቅ ታስቦ የተሠራ ነው። በ2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫም ከሐይቁ በዋሻ ውሃ ይወስዳል።

የዚህ ለውጥ ትርጉም በግልጽ የታየው በ1995 ዓ.ም ነበር። የዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ተደማምረው ሐይቁ በሰኔ ወር ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅተኛ ወደሆነ ደረጃ ወረደ። መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቃታቸው። ሰፊ የደንገል መሬት ተጎዳ። ገበሬውም በተገለጠው የሐይቅ ወለል ላይ በሬ ጠምዶ ወረደ። ባሕር ሸሽ የሚለው ቃል የመርከቡም የሞፈሩም ቃል መሆኑ እንደዚያ ዓመት ጎልቶ የታየበት ጊዜ የለም፤ አንዱ ክስተት ለመርከበኛው ኪሳራ፣ ለአራሹ ሲሳይ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላኛው ገጽ ታየ። በ1998 ዓ.ም ክረምት በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች፣ በተለይም በፎገራና በሊቦ ከምከም፣ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን አጥለቀለቁት፤ በርካታ ነዋሪዎች ተፈናቀሉ፤ ሰብልና ከብት ጠፋ። የሸሸው ተመለሰ።

የማይቆም አዋሳኝ

የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ ማሳው በአራቱ አቅጣጫ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ይጻፋል። በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ይባላል። የባሕር ዳርቻ ማሳ አንዱ አዋሳኝ ባሕር ነው። ሌላው አዋሳኝ ሁሉ በቦታው ሲቆም ባሕር ግን በየወሩ ይንቀሳቀሳል። ውሃው በሸሸበት ወር የተለካ ወሰንና ውሃው ሞልቶ ሳለ የተለካ ወሰን አንድ ሊሆኑ አይችሉም። የጠብ መነሻም ይህ ነው። አንዱ እየተከተልኩ ያረስኩት ነው ይላል፤ ሌላው የቀበሌው የግጦሽ መሬት ነው ይላል፤ ዓሣ አስጋሪው የመረቤ ቦታ ነው ይላል።

ለዚህ ነው የስሙን ፍች ማስታወስ ለቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴና ለወረዳ ባለሙያ የሥራ መሣሪያ የሚሆነው። ባሕር ሸሽ በባሕሪው የፈረቃ መሬት ነው። የፈረቃ መሬት እንደ ቋሚ ማሳ ከተያዘ ገበሬው ቤት ይሠራበታል፣ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፣ አፈር ደልድሎ ውሃ ይከለክልበታል። ውሃው ሲመለስ ጉዳቱ የእሱ ይሆናል፤ ካልተመለሰም ሐይቁ ያንን ያህል ጠበበ ማለት ነው።

ወሰን የሚለካው ሐይቁ ሞልቶ በሚቆምበት በመስከረምና በጥቅምት መስመር ቢሆን፣ ከዚያ በታች ያለው መሬት የወቅት አጠቃቀም ብቻ እንዳለው ከሁሉም ተጠቃሚ ጋር ተነጋግሮ ቢታወቅ ብዙ ክርክር ከምንጩ ይደርቃል። መሬቱን በእኩል ወይም በኪራይ የሚያርሱ ወገኖችም ውላቸው ላይ የሚያርሱበትን ወር፣ ውሃው ያለ ጊዜው ቢመለስ ወይም ባይሸሽ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ቢጽፉ ለሁለቱም ይበጃል።

የውሃው ከፍታ ዛሬ በግድቡ መዝጊያዎችም የሚወሰን በመሆኑ መረጃው ለገበሬው መድረስ አለበት። በዚህ ወር ምን ያህል ውሃ ይለቀቃል፣ ሐይቁ ምን ያህል ይወርዳል የሚለውን የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቀድሞ ቢያውቅ ለገበሬው ቶሎ የሚደርስ ሰብል መዝራት እንዳለበት ወይም ከነአካቴው እንዳይወርድ ሊመክር ይችላል። ዘር ከተበተነ በኋላ የሚመጣ መረጃ ጥቅም የለውም።

ገበሬው በበኩሉ የሚያደርገው አለ። ደንገሉን ሳይነካ ከሱ በላይ ማረስ፣ አጭር ዕድሜ ያላቸውንና በቀሪ እርጥበት የሚደርሱ ጥራጥሬዎችን መምረጥ ይችላል። ሽምብራና ጓያ ራሳቸው ለመሬቱ ናይትሮጅን ስለሚያክሉ ውሃው አጠገብ ማዳበሪያ መበተንን ይቀንሳሉ፤ ይህም እምቦጩን ከመመገብ ይታደጋል። የተባይና የአረም ኬሚካል ዳርቻው ላይ አለመርጨት፣ ዕቃውንም በሐይቁ ውሃ አለማጠብ ዓሣውንም ከብቱንም ይጠብቃል። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ የታሰበው ሰው ከሐይቁ እንዲርቅ ሳይሆን ሐይቁን እየጠበቀ እንዲጠቀምበት ነው።

በቆሎ የባሕር ማሽላ መባሉ እየቀረ ነው፤ ሰብሉ ሀገሩን አግኝቷልና ስሙ ቢረሳ ጉዳት የለውም። ባሕር ዛፍም ስሙን እንደያዘ ሀገሬ ሆኗል። ባሕር ሸሽ ግን ፍቹ ሊረሳ የማይገባው ስም ነው። አባቶች ወሰኑን በካርታ ሳይሆን በስም አስቀምጠውታል። መሬቱን የሚለካው ባለሙያም፣ የሚያርሰው ገበሬም ማሳው ዳር ሲቆም ስሙን አንድ ጊዜ ጠርቶ ቢያዳምጥ፣ ባሕሩ ሄደ እንጂ ቀረ እንዳልተባለ ይሰማል።